ለክቡር «ባትሪ አልተካተተም» የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ቀን፦ ታኅሣሥ 17

ለክቡር «ባትሪ አልተካተተም»
የመጫወቻ ካርቶን የታችኛው ጠርዝ፣ ከባርኮዱ ጎን
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ለበዓላችን መድመቅ ላበረከቱት አስተዋጽኦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እንዴት ከረሙ? ቀለምዎ አልደበዘዘም? የፊደልዎ መጠንስ እንደዚያው ነው? እኛ በዚህ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ከእርስዎ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነን። የፈረንጆቹን ገና ትናንት አከበርን፤ የእኛው ሁለት ሳምንት ያህል ይቀረዋል። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎትም በሁለቱ መካከል ባለችው ፋታ፣ ከየቦታው የተነቀለው ሁሉ ወደየቦታው ከተመለሰ በኋላ ነው።

እርስዎን ያህል ትሑት ባለሥልጣን በሕይወቴ አላጋጠመኝም። ሌላው ሹም ስሙ በትልቁ እንዲጻፍለት፣ ፎቶው በየግድግዳው እንዲሰቀልለት ይፈልጋል። እርስዎ ግን የካርቶኑን ፊት ለእሳት አጥፊው ቡችላ፣ ጎንና ጎኑን ለመሰላሉና ለሳይረኑ ሥዕል፣ ጀርባውን በየቋንቋው ለተጻፈው ማስጠንቀቂያ ለቀው፣ የጤፍ ፍሬ በሚያክል ፊደል ከሥር ተደላድለው ተቀምጠዋል። ሥልጣንዎ ግን ከሁሉም በላይ ነው። ቡችላው ይዘምራል ወይስ ዝም ይላል? መሰላሉ ይወጣል ወይስ ታጥፎ ይቀራል? የመጨረሻው ፊርማ የእርስዎ ነው።

ስለ ልጄ ጥቂት ልንገርዎት፤ ጉዳቱ በቀዳሚነት የደረሰው በእሱ ላይ ነውና። አምስት ዓመቱ ነው። ዕድሜውን ቢጠይቁት በጣቱ ያሳይዎታል፤ ስሙን ቢጠይቁት ግን የቡችላውን ስም ይነግርዎታል። ቡችላው ፒጃማው ላይ አለ፤ ጥርስ ብሩሹ ላይ አለ፤ አንሶላው ላይ ደግሞ በሰልፍ ተደርድሮ አለ። ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን የመጣችው እናቴ ያንን አንሶላ ባየች ቀን አማትባ «ውሻ ደጅ እንጂ አልጋ ላይ ያድራል እንዴ?» አለች። ባለቤቴ ቁጭ ብላ የካርቱኑን ነገር አስረዳቻት፤ ቡችላው እሳት እንደሚያጠፋ፣ መኪና እንደሚነዳ፣ ከተማው በጎርፍ ሲጥለቀለቅ ሕዝቡን እንደሚያወጣ። እናቴ በጥሞና አዳምጣ ስታበቃ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ከንቲባው ታዲያ ምን ይሠራል?»

ካርቱንና መጫወቻ እንዴት እንደተጋቡ ከእርስዎ የሚሰወር አይደለም፤ ሠርጉ ላይ ሚዜ ነበሩ። ድሮ አሜሪካ ውስጥ አንድ ካርቱን መጫወቻ ለመሸጥ የተሠራ ሲመስል የሚጮህ ሰው ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የትንንሽ መኪናዎች መጫወቻን ስም ይዞ የመጣ ካርቱን «ይህ ማስታወቂያ እንጂ ተረት አይደለም» ተብሎ ለመገናኛ ኮሚሽኑ አቤቱታ ቀርቦበት ነበር፤ አቤት ባዩ ሌላ መጫወቻ ሻጭ መሆኑን ልብ ይበሉልኝ። በ1984 ኮሚሽኑ የማስታወቂያ ገደቡን ሲያነሳ አሻንጉሊቱ ቀድሞ ተሠርቶ ተረቱ ከኋላ የሚጻፍለት ዘመን ተንሰራፋ። በ1990 ደግሞ በልጆች ፕሮግራም ውስጥ የሚገባው ማስታወቂያ በሰዓት፣ ቅዳሜና እሁድ ከ10 ደቂቃ ተኩል፣ በሌላው ቀን ከ12 ደቂቃ እንዳይበልጥ የሚያዝ ሕግ ወጣ። እሰየው ነው። ልጄ ግን በማስታወቂያው ሰዓት ውኃ ሊጠጣ ይነሳል፤ ዓይኑን ሳይነቅል የሚያየው ካርቱኑን ነው። የተሸጠለትም እዚያው ውስጥ ነው።

መጫወቻውን የገዛው ወንድሜ ነው። ጥንቃቄ አልጎደለውም። መደርደሪያው ፊት ቆሞ «ሞክረኝ» የሚለውን ቁልፍ በካርቶኑ ቀዳዳ በኩል ተጭኗል፤ ቡችላው ዘመረ። ደግሞ ተጫነ፤ ደግሞ ዘመረ። ሱቅ ውስጥ እንዲህ ያቀነቀነ ፍጡር ቤት ሲገባ ልሳኑ ይዘጋል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ለካስ የዘመረችው ባትሪ የካርቶኑ ንብረት ነበረች፤ ካርቶኑ ሲቀደድ አብራ ተቀደደች። ክቡርነትዎ ይህን ጥበብ የቀሰሙት ከምርጫ ዘመቻ ነው ወይስ ዘመቻው ነው ከእርስዎ የተማረው?

በቤታችን የፈረንጅ ገና የስጦታ፣ የሐበሻ ገና የዶሮ ነው። ልጁ ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ እንዳያንስ ስጦታው በእነሱ ቀን ይከፈታል። ያ ቀን ታኅሣሥ 16 ነው፤ ኅዳር 15 የገባው ጾመ ነቢያት አልተፈታም። ስለዚህ በጌጠኛው ዛፍ ሥር ስጦታው ተከምሮ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሽሮና ምስር ነው። ለገና አባት የተቀመጠለት ብስኩት እንኳ ቅቤ የሌለው የጾም ብስኩት ነበር፤ እናቴ «በሰው ቤት አያስገድፉትም» ብላ።

ልጄ ካርቶኑን በጥርሱም በጥፍሩም ከፈተው። ቡችላው በአራት እግሩና በአንገቱ በሽቦ ተጠፍሮ ነበር፤ ሰው የገደለ እንኳ እንደዚያ አይታሰርም። ፈታነው። ልጄ ቁልፉን ተጫነ። ዝም። እንደገና ተጫነ። ዝም። ፊቱን ወደ እኛ አዞረና «ሞቷል?» አለ። ቀጥሎም «የገና አባት ባትሪውን ለምን ረሳው?» አለ። ባለቤቴ «ሰሜን ዋልታ በጣም ይበርዳል፤ ብርድ ደግሞ ባትሪ ያደክማል» አለችው። አዩልኝ፣ የኬሚስትሪ ትምህርት ያልጠቀመው ማን አለ! ብርድ ባትሪ ማድከሙ እውነት ነውና ገና በዋለበት ቀን ልጃችንን ከመዋሸት ዳንን፤ እርስዎ ግን በዚያች ሰዓት እንኳ ከካርቶኑ ሥር ብቅ ብለው «እኔ ነኝ» አላሉም።

እናቴ ነገሩ ሲገባት «ድንጋዩ አልቆ ነው እንጂ ምን ሆነ ትላላችሁ? አውጡና ነከስ ነከስ አድርጋችሁ መልሱት» አለች።

«የሚነከስ ድንጋይ የለውም፣ እማዬ።»

«ካለ ድንጋይ ሸጡለት?» ብላ ዝም አለች። አባቴ የሬዲዮኑን ባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥቶ፣ በጥርሱ ጠርምሶ፣ ለማታው ዜና እንዴት እንደሚያደርሰው ያየች ሴት ናት። ድንጋይ የደከመበት ዕቃ ታውቃለች፤ ድንጋይ ያልተፈጠረለት ዕቃ ግን ያየችው በእርስዎ ዘመን ነው።

ክቡር ሆይ፣ ቀኑን መምረጥ ላይ የሚስተካከልዎት የለም። በዓመት ውስጥ የአሜሪካ ሱቅ ሁሉ በሩን የሚዘጋበት አንድ ቀን ቢፈለግ ያ ቀን ነው። የተከፈተው ነዳጅ ማደያው ብቻ ነበር፤ እዚያ ሄድኩ። ከመስኮቱ ኋላ የተቀመጠው ልጅ የአገሬ ሰው ነው። ፈረንጆቹ የበዓል ፈረቃቸውን «ለእሱ በዓሉ አይደለም» ብለው አስረክበውት እሱም ለበዓል ቀን የሚከፈለውን አንድ ተኩል ሒሳብ እያሰበ ተረክቧቸዋል። አፌን ሳልከፍት ፊቴን አይቶ «ባለ ሁለት ኤ ነው ባለ ሦስት ኤ?» አለኝ።

«ባለ ሁለት።»

«አልቋል፣ ወንድሜ። ከንጋት ጀምሮ የሚመጡት አባቶች ብቻ ናቸው። አንዱማ በነጠላ ጫማ ነው የመጣው።» ከኋላዬ ሌላ አባት ቆሞ ነበር። ተያየን፤ አንገታችንን ነቀነቅን። ቋንቋ አልተጋራንም፤ እርስዎን ግን ተጋርተናል።

እንግዲህ ቡችላው የሚፈልገው ሦስት ነው። ለምን ሁለት ወይም አራት አልሆነም? ባትሪ የሚሸጠው በሁለት፣ በአራት፣ በስምንት ታሽጎ ነው፤ ሦስት ብሎ ጥቅል እኔ አላየሁም። ያም ሆኖ ቤቱ ውስጥ ሲፈተሽ የቴሌቪዥኑ ሪሞት ሁለት ነበረው፤ የሳሎኑ ግድግዳ ሰዓት አንድ ነበረው። ሁለትና አንድ ሦስት። ክዳኑን የያዘችውን ብሎን ለመፍታት ሹል የቢላ ጫፍ፣ የባለቤቴ የጥፍር ሞረድና የወንድሜ ትዕግሥት ተሰልፈው፣ በመጨረሻ ጎረቤት የላከልን መፍቻ ድል አደረገ። ቡችላው ዘመረ! ልጄ ጮኸ፣ ተሽከረከረ፣ ሶፋው ላይ ወጥቶ ወረደ። ያቺን ደቂቃ አልክድዎትም፤ ጥሩ ደቂቃ ነበረች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን በጥሞና ይከታተሉልኝ። ሪሞቱ ባዶውን ሲቀር ቴሌቪዥኑ የካርቱኑ ቻናል ላይ ተቸንክሮ ቀረ። መዝሙር ልታይ የተሰናዳችው እናቴ በጾም አንደበቷ ቀኑን ሙሉ ቡችሎቹን ስታይ ዋለች። (ከንቲባው በእርግጥም ምንም እንደማይሠራ አረጋግጣለች።) ይባስ ብሎ ደግሞ ሰዓቱ ነበር። የሳሎናችን ሰዓት በእሷ ትእዛዝ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሞላ ነው፤ እሷም እህል የምትቀምሰው ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ነው። ባትሪው የወጣው አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ነበር።

እናቴ ቀና ብላ ታያለች፤ አምስት ከሩብ። ትጸልያለች፣ ቡና ታጥባለች፣ ቀና ትላለች፤ አምስት ከሩብ። «የዛሬው ቀን ምነው አልሄድ አለ?» ብትል እኛ ከቡችላው ዝማሬ የተነሳ የሰማናት የለንም። በታኅሣሥ በዚህ አገር ጀምበር አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ድንገት መስኮቱ ጥቁር አለ። እናቴ መስኮቱን አየች፤ ሰዓቱን አየች። «በአምስት ሰዓት ከሩብ ጨለመ!» ብላ ተነሳች፤ ምጽአት መስሏት መስቀሏን ልትፈልግ። አንዲት አሮጊት ነቢያቱን እንኳ ባስደነቀ ጾም ሁለት ሰዓት ያህል ትርፍ የጾመችው በእርስዎ ምክንያት ነው። በረከቱን ተካፈሉ አልልዎትም።

ለእርስዎ የሚከራከሩ ጠበቆች እንዳሉ አውቃለሁ። አንደኛው «መጫወቻው ከቻይና በመርከብ ተጭኖ፣ መጋዘን ከርሞ፣ መደርደሪያ ላይ ወራት ይቆያል፤ ባትሪ ውስጡ ቢቀመጥ ፈሳሹ ወጥቶ ዕቃውን ይበላዋል» ይላል። እውነት አለው። ግን በትንሽ ላስቲክ ለብቻ ቢታሸግና ጎኑ ቢቀመጥ ምን ነበረበት? ይህን ሲጠየቅ ጠበቃው ስለ ዋጋ ማውራት ይጀምራል። ስለ ብሎኗ ግን ከእርስዎ ጋር ጠብ የለኝም፤ እሷን ይቅር ብያታለሁ። እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ የሆነችው ትንሿ ባትሪ በሕፃን ጉሮሮ ከተሰነቀረች በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋ ታቃጥላለች። አሜሪካ በ2022 (እ.ኤ.አ.) እንዲህ ያሉ ባትሪዎች ያሉበት ዕቃ ክዳኑ በቀላሉ እንዳይከፈት የሚያዝ ሕግ ያወጣችውም በሞተ ሕፃን ምክንያት ነው። ብሎኗ ልጅ ትጠብቃለች። እርስዎ ማንን ነው የሚጠብቁት?

ወንድሜ፣ ስጦታው የእሱ ነውና ለማስተባበል ይሁን ለማጽናናት፣ «በእኛ ጊዜ ገና የሚባለው ቆልማማ ዱላና እሩር ነበር፤ ባትሪ አይል፣ ብሎን አይል» አለ። እናቴ ወዲያው «ያ ጥርስህስ?» አለችው። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ተብሎ ማንም ሳይቆጣ የፊት ጥርሱን ያጣበት ጨዋታ ነው። ወንድሜ አፉን ዘጋ፤ ተረቱም እዚያው ላይ ቆመ።

አሁን ደግሞ የእኛው በዓል እየመጣ ነው። ታኅሣሥ 29 በእነሱ ጥር 7 ነው፤ ያን ዕለት ሱቁ ሁሉ ወለል ብሎ ይከፈታል፤ የባትሪው መደርደሪያ እስከ ጣሪያ ይሞላል። እኛ ግን ሌሊቱን ቅዳሴ አድረን ጠዋት በእንቅልፍ ዓይን ሥራ እንገባለን፤ ልጁም ትምህርት ቤት ይሄዳል። ዶሮዋ አሥራ ሁለት ብልቷ ተቆጥሮ ማታ ትደርሳለች። ባትሪ ሞልቶ የሚውለው ባትሪ የማንፈልግበት ቀን መሆኑ የእርስዎ እጅ ያለበት ይመስለኛል። ልጄማ ከወዲሁ «የእኛ ገና ላይስ ስጦታ የለም?» እያለ ዙሪያችንን ይዞራል፤ የቡችላው ጓደኛ፣ ሔሊኮፕተር የምታበረው፣ ገና አልተገዛችም አሉ። እሷ ደግሞ አራት ነው የምትፈልገው።

ስለዚህ ክቡርነትዎ የሚከተለውን እንዲያስፈጽሙልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። ስምዎ ከቡችላው ፊት ባልተናነሰ መጠን፣ በካርቶኑ ፊት ለፊት ይጻፍ፤ ተደብቆ ማገልገል ይበቃዎታል። ሦስት የሚፈልግ ዕቃ የሚሠራ መሐንዲስም ሦስት የታሸገ ባትሪ እስኪያገኝ ድረስ ቡችላውን እቅፍ አድርጎ ይቀመጥ። ይህ ካልተቻለ ግን በዓመት አንድ ቀን፣ በታኅሣሥ 16 ጠዋት፣ ራስዎ በአካል ነዳጅ ማደያው በር ላይ ተገኝተው በነጠላ ጫማ የሚመጡትን አባቶች ያነጋግሩ።

ዛሬ ሱቅ ተከፍቶ ባለ አራቱን ጥቅል ገዝቻለሁ። ሁለቱ ሪሞቱ ውስጥ፣ አንዱ ሰዓቱ ውስጥ ገብተዋል፤ እናቴም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽሮዋን በልታለች።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለወንድሜ (ለሚቀጥለው ዓመት ኳስ እንዲገዛ)
ለነዳጅ ማደያው ልጅ (ከምስጋና ጋር)
ለከተማው ከንቲባ፣ ካርቱኑ ውስጥ (የሚሠራው ነገር ካለ)

አባሪ፦ 1 (አንድ) ባትሪ። ተካቷል።