ካውንስለሯ የደወለችው «ወላጅ አምጣ» ልትል አይደለም

አሜሪካ ያለ ሐበሻ ወላጅ ከልጁ ሃይስኩል ስልክ ሲደወልለት ቀድሞ የሚመጣበት ጥያቄ «ምን አጠፋ?» ነው። አገር ቤት ወላጅ የሚጠራው ልጅ ሲደባደብ ወይም መስታወት ሲሰብር ነዋ! ስለዚህ ካውንስለሯ (የተማሪዎች አማካሪዋ) «ልጅዎ ሰሞኑን ዝም ብሏል፣ ምሳም ብቻውን ነው የሚበላው» ብላ ስትደውል ማታ ቤት ውስጥ የሚጠብቀው ቁጣ ነው። ልጁም ሁለተኛ አፉን አይከፍትም። ይሄ ነገር በሜሪላንድም በቨርጂንያም ከዓመት ዓመት ሲደገም ማየት ያንገበግባል።

ልዩነቱ የሚጀምረው ከክፍሉ ነው። እኛ ጋ 9ኛ «ቢ» የተመደበ ልጅ ዓመቱን ሙሉ 9ኛ «ቢ» ነው። የሚዘዋወረው መምህሩ ነው፤ ተማሪው ከዴስኩ፣ ከጓደኛው ጎን አይነሳም። 60 ልጅ ቢታጨቅም አንዱ ሲቀር ዴስክ የሚጋራው ያውቃል፣ አለቃው ያውቃል፣ ስም ጠሪው መምህር ያውቃል። ምሳ ዕቃ ሲከፈት ብቻ መብላት ነውር ነው። እዚህ የሚዘዋወረው ተማሪው ነው። ሰባት ክፍለ ጊዜ ካለው ሰባት ክፍል፣ በየክፍሉም ሌሎች ልጆች። አዲስ የመጣ ልጅ ከማንም ጋር ሳያወራ ሳምንት ሊያልፈው ይችላል። ብቸኝነቱ ገሃድ የሚወጣው ደግሞ ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ትሪውን ይዞ ይቆማል፣ ጠረጴዛው ሁሉ የተያዘ ይመስለዋል፣ ከዚያ ወይ ላይብረሪ ወይ ሽንት ቤት ገብቶ ደወሉን ይጠብቃል።

አገር ቤት ሳይታሰብ የሚገኘው መቀራረብ እዚህ ሰው ተቀጥሮለት ነው የሚሠራው። የካውንስለሮች የሙያ ማኅበር የሚመክረው ለአንድ ካውንስለር 250 ተማሪ ነው፤ ብዙ ቦታ ግን ከዚያ ይበልጣል። ዝምተኛ ልጅ ወላጁ ካልጠየቀለት ሳይታይ ያልፋል። አዲስ ከሆነ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አማርኛ የሚችል ተማሪ አብሮት እንዲዞር ይጠየቃል። ምሳ በሁለት ፈረቃ ከሆነ ከሚያውቀው ልጅ ጋር አንድ ፈረቃ እንዲያደርጉት ይጠየቃል። የሐበሻ ተማሪዎች ክበብ ያላቸው ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ከሌለም ክበቡን የሚይዝ አንድ መምህር ከተገኘ ማቋቋም ይቻላል። ስፖርት ላይ ብዙ ሰው ይዘገያል። ሜሪላንድ ውስጥ የእግር ኳስ ልምምድ የሚጀምረው ኦገስት ላይ፣ ትምህርት ሳይከፈት ነው፤ ሐኪም የፈረመበት የጤና ቅጽ ያልገባለት ልጅ ደግሞ ሜዳ አይገባም። በሴፕቴምበር የጠየቀ ወላጅ ዓመት ይጠብቃል።

በብዙ ትምህርት ቤት ካውንስለር የሚመደበው በተማሪው የመጨረሻ ስም ፊደል ነው። የእናት የመጨረሻ ስም ከልጇ ስለሚለይ በራሷ ስም ፈልጋ ሌላ ካውንስለር በር ላይ የምትቆም እናት ብዙ ናት። የልጁን ሙሉ ስም እንደ ፓስፖርቱ ጽፎ መያዝ ይህን ያስቀራል።

ከሁሉ የሚያመው ግን አስተርጓሚው ነው። ካውንስለሯ አምስት ደቂቃ ታወራለች። እናት ወደ ልጇ ዞራ «ምን አለች?» ስትል «ደህና ነው አለች» ይላታል። የተወራው ስለ ራሱ ሐዘን ነው! ልጅ የገዛ ጭንቀቱን ለእናቱ እንዲተረጉም ይፈረድበታል? የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት ሁሉ፣ እ.ኤ.አ. ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ በሚመነጭ ግዴታ፣ እንግሊዝኛ ለማይበቃው ወላጅ በነፃ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት፤ ተማሪውን አስተርጉም ማለትም የለበትም ይል የነበረው የፌዴራል መመሪያ በ2025 ቢነሳም ሕጉ ራሱ አልተሻረም። ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የራሷ የቋንቋ ሕግ አላት፣ አማርኛም ከተካተቱት አንዱ ነው። በስልክ ከሆነ «አምሃሪክ» የምትል አንዲት ቃል ትበቃለች፤ መስመር ላይ ጠብቁ ይሏችኋል፣ ስልኩን አትዝጉት። በአካል ከሆነ ቀጠሮው ሲያዝ አብሮ ይነገር። «እንግሊዝኛ አይችሉም እንዳይሉኝ» ብሎ እምቢ የሚል አባት ያጋጥማል። የሚጎዳው ልጁ ነው።

ሌላው ቁጣ የሚነሣው ካውንስለሯ ልጁን «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብላ ስትጠይቅ ነው። «ለምን እንዲህ ያለ ቃል አሰማችብኝ» ይባላል። ጥያቄው ሐሳቡን አያመጣውም፤ ይህ በጥናት ተደጋግሞ የታየ ነው። የተዘጋውን አፍ ግን ሊከፍት ይችላል። ልጁ የነገራት ነገር በራሱ ወይም በሌላ ሰው ሕይወት ላይ አደጋ ካለው፣ ወይም ቤት ውስጥ እየተደበደበ ከሆነ፣ ምስጢር ብላ አትይዘውም፤ ሕግ ያስገድዳታል። ሌሊት ለሚመጣ ጭንቀት ደግሞ ከጁላይ 2022 ጀምሮ 988 የሚባል ስልክ አለ፤ 24 ሰዓት ይሠራል፣ ሲደወል አስተርጓሚ መጠየቅም ይቻላል።

አገር ቤት የጎደለው እንዲህ ጭንቀት የሚነገረው ሰው ነው። ሴክሽኑ አለ፣ ክበቡ አለ፣ ሚኒ ሚዲያው በዕረፍት ሰዓት ይጮኻል፤ ጓደኛ አይጠፋም። ለጓደኛ የማይነገር ነገር የያዘች ልጅ ግን ብዙ ጊዜ የምትሄድበት በር ዩኒት ሊደሩ ቢሮ ነው፣ እሱ ደግሞ የሚታወቀው በቅጣት ነው። የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበራት ከአሜሪካ ኮምፒውተር ይልካሉ፣ ግድግዳ ያስቀባሉ። አንዲት ሴት መምህርት በሳምንት ሁለት ከሰዓት የምትቀመጥባት፣ በሯ የሚዘጋ፣ ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ የራቀች ትንሽ ክፍል ከዚያ ያነሰ ወጪ ትጠይቃለች።

እዚህ ላለን ደግሞ ኦገስት ላይ የሚሞላው ቅጽ አለ። «ልጄን ኢሶል (እንግሊዝኛ ለማይበቃው ተማሪ የሚሰጠው ትምህርት) ያስገቡብኛል» ብሎ የቤት ቋንቋ ላይ እንግሊዝኛ የሚጽፍ ወላጅ ብዙ ነው። ምደባውን የሚወስነው የልጁ የእንግሊዝኛ ፈተና ነው። «ከወላጅ ጋር በየትኛው ቋንቋ እንገናኝ?» የሚለው ሌላ መስመር ነው፤ እዚያም እንግሊዝኛ ከተጻፈ፣ ልጁ ሰባተኛውን ክፍለ ጊዜ ሲቀር የሚመጣው አውቶማቲክ መልእክት በእንግሊዝኛ ይደርሳል፤ የሌሊት ሥራ የሠራች እናትም ከማስታወቂያው ጋር ታጠፋዋለች።