ውዳሴ ለንጹሕ አንባቢ

ዛሬ ላመሰግነው የምፈልገው ሰው አለ። ስለ ጭፍን ጥላቻ የተጻፈ ትልቅ ልቦለድ ያነሳል። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ያነባል። አንዳንድ ቦታ ላይ ያለቅሳል። ከዚያ ልብሱ ሳይረጥብ ወንዙን ተሻግሮ ይወጣል። አቤት ችሎታ! እኔም የማኅበሩ አባል ስለሆንኩ ምስጋናው ትንሽ ወደ ራሴ ቢያጋድል አትታዘቡኝ።

ደራሲ ምስኪን ነው። ዓመታት ደክሞ መስታወት ሠርቶ ፊታችን ያቆማል። እኛ እናየውና «ውይ፣ ጎረቤቴን ቁርጥ!» እንላለን።

የሃርፐር ሊን «ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ» እንውሰድ። የታተመው በ1960 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ)። ታሪኩ የሚሄደው በ1930ዎቹ አላባማ ነው። ቶም ሮቢንሰን የሚባል ጥቁር ሠራተኛ «ነጭ ሴት ደፍረሃል» ተብሎ ይከሰሳል። ሴትዮዋ የተመታችው በፊቷ ቀኝ በኩል ነው፤ የመታት ግራኝ ነው ማለት ነው። የቶም ግራ እጅ ደግሞ በልጅነቱ የጥጥ መዳመጫ ማሽን ይዞት ሽባ ሆኗል። ጠበቃው አቲከስ ፊንች ይህን ሁሉ ችሎት ፊት ዘርግቶ ያሳያል። ዕውር እንኳ ያየዋል። 12ቱ የጁሪ አባላት (ተመርጠው ፍርድ የሚሰጡ ተራ ሰዎች ናቸው) ገብተው ለሰዓታት ይመክራሉ። ሲወጡ «ጥፋተኛ ነው» ይላሉ።

መጽሐፉን ያነበበ ሰው ስታገኙ «አንተ የትኛው ነህ?» ብላችሁ ጠይቁት። አቲከስ ነው። ትሑት ከሆነ የአቲከስን ትንሽ ልጅ ስካውትን ይመርጣል። ከቤት መውጣት የማይወድ ከሆነ ደግሞ ቡ ራድሊን። በዚያች ከተማ የነበረው አቲከስ አንድ ነው፤ በአንባቢዎቹ መሀል ግን አቲከስ እንደ አሸን ፈልቷል። «ከ12ቱ አንዱ እኔ ነኝ» ያለኝ ሰው እስካሁን የለም።

ሊ ግን ተንኮለኛ ናት። አንባቢዋን ታውቀዋለች መሰለኝ። ከፍርዱ በኋላ የከተማዋን ወይዛዝርት ሻይ ላይ ትሰበስባቸዋለች። ከእነሱ አንዷ ሚስስ ሜሪዌዘር ናት። ሩቅ አፍሪካ ውስጥ የሚኖሩ ምሩና የሚባሉ ሰዎች ችግር ሲነሳ ዓይኗ እንባ ያቀራል። (ምሩናዎቹ የሊ ፈጠራ ናቸው፤ የሴትዮዋ እንባ ግን እውነተኛ ነው፤ ጉዱም እሱ ላይ ነው።) እንባው ሳይደርቅ ወሬው ወደ ጓዳ ይዞራል። ጥቁሯ ሠራተኛዋ ሶፊ ከፍርዱ ወዲህ አኩርፋለች። እመቤቲቱም ሶፊን ገሥጻታለች፦ ኢየሱስ ክርስቶስ እኮ እያጉረመረመ አልዞረም! የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይሏታል ይቺን ነው።

ይህን ምዕራፍ በንባብ ቡድናችን አንስተን በሳቅ ልንሞት ነበር። በተለይ አንዷ ጓደኛችን «እንዲህ ዓይነት ሴት ግን የእውነት ትኖራለች?» እያለች ዓይኗን ትጠርጋለች። ስልኳ ጮኸ። ቤት ያለችው ሠራተኛዋ ነበረች። «አንቺ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ምን ሆነሽ ነው የምታኮርፊው?» አለቻት። ስልኩን ዘጋችና «የት ደርሰን ነበር?» አለችን። ገጹን ነገርናት።

ለንጹሕ አንባቢ ትልቁ ፈተና ደግ ሰው ነው። ጥላቻ ያለበት ሰው ጥርሱን አግጦ፣ ጅራፍ ይዞ ቢመጣ ምንም አንቸገርም። እሱን ጠልተን፣ ራሳችንን ወደን፣ መብራት አጥፍተን እንተኛለን። ማርክ ትዌይን ግን አክስት ሳሊን ያመጣብናል። «ሃክልቤሪ ፊን» መጀመሪያ የወጣው በ1884 ነው። አክስት ሳሊ ልጁን ሃክን ለምን እንደዘገየ ስትጠይቀው፣ የተሳፈርኩበት መርከብ ሞተሩ ፈንድቶ ነው ብሎ ይዋሻል።

«ውይ በሞቴ! ሰው ተጎዳ?»

«የለም፣ እሜቴ። አንድ ጥቁር ሞተ።»

«እንኳንም። አንዳንዴ እኮ ሰው ይጎዳል።»

አለቀ። ወሬው ቀጠለ። አክስት ሳሊ ሆደ ቡቡ ናት፣ እንግዳ ሲመጣ የምትሆነውን ታጣለች። ይህችን ሴት ምን እናድርጋት? ንጹሕ አንባቢ መፍትሔ አለው። «ሳቅ ለመፍጠር ነው» ብሎ ገጹን ይገልጣል።

የሃክስ? ከባርነት ያመለጠውን ጂምን መርዳት ኃጢአት ነው ብሎ ከልቡ ያምናል። ጂም ያለበትን ለባለቤቱ የሚያስታውቅ ደብዳቤ ይጽፋል። ከዚያ «በቃ፣ ሲኦል እገባለሁ» ብሎ ይቀደዋል። ልጁ ሕሊናውን አሸንፎ ነው ደግ የሠራው፤ ሕሊናውን ያበላሹት ደግሞ እነዚያ ደጋግ ሰዎች ናቸው። እኛ ብንሆን ኖሮ እንዲህ አንጨነቅም ነበር። ወዲያው ይገባን ነበር። ያውም ደብዳቤ ሳናባክን።

እዚያ ላይ የጻፍኩት «ጥቁር» ትዌይን የተጠቀመበት ቃል አይደለም። የሱ የከፋ ነው። በ2011 አሜሪካ ውስጥ አንድ እትም ወጣና ያን ስድብ ከመጽሐፉ ለቅሞ በምትኩ «ባሪያ» የሚለውን አስገባ። ይህ ጽዳት በአማርኛ እንዴት እንደሚሰማ ለእናንተ ጆሮ ልተወው።

አሁን ደግሞ የማኅበራችንን ትልቅ ጸሎት ላስተምራችሁ። አጭር ናት፦ «የዘመኑ ሰው ነበር።» ደራሲ በተነካ ቁጥር ሦስት ጊዜ ትደገማለች። ቻርልስ ዲክንስ «ኦሊቨር ትዊስት»ን በ1837 ማውጣት ሲጀምር፣ የልጅ ሌቦችን አለቃ ፌጊንን ስሙን እየተወ «አይሁዱ»፣ «አይሁዱ» እያለ ነበር የጻፈው። የዘመኑ ሰው ነበር። ጥሩ። በ1863 ግን ኤላይዛ ዴቪስ የምትባል አይሁዳዊት ደብዳቤ ጻፈችለት። የዲክንስን ቤት የገዛው ሰው ሚስት ናት። በሕዝባችን ላይ በደል ሠርተሃል አለችው። ዲክንስ መጀመሪያ ተከራከረ። በኋላ ግን ቀጣዩ ልቦለዱ ላይ ራያ የሚባል ደግ አይሁዳዊ አስገባ። በ1867ቱ እትም ደግሞ ከ«ኦሊቨር ትዊስት» የኋለኛ ምዕራፎች «አይሁዱ»ን ከብዙ ቦታ አወጣ።

እንግዲህ ኤላይዛ የየትኛው ዘመን ሰው ነበረች? ይህን ጥያቄ አንድ ቀን ለአንድ ወዳጄ አነሳሁለት። «ነገር አታክርር» አለኝ። ዲክንስ ራሱ አምኖ ያረመውን ነገር ወዳጄ እስከ ዛሬ ይሟገትለታል። ታማኝነት ማለት ይህ ነው! የበደለው ሰው ተጸጽቶ ሄዷል፤ ጠበቃው ግን ችሎት ላይ ቀርቷል።

ደራሲው ጆሴፍ ኮንራድም የዘመኑ ሰው ነበር። በ1899 «ሃርት ኦፍ ዳርክነስ» ላይ ኮንጎን በሰው ሞላትና ለሰዎቹ አፍ መስጠት ረሳ። በ1975 ናይጄሪያዊው ደራሲ ቺኑዋ አቼቤ ተነስቶ ኮንራድ ዘረኛ ነው ሲል ንጹሕ አንባቢ ቅር ተሰኘ። ዓረፍተ ነገሩ ስንት የተዋበ ነው እኮ!

አንድ መጽሐፍ ግን በጣም ያስቸግረኛል። ጄን ኦስተን በ1813 «ፕራይድ ኤንድ ፕረጁዲስ»ን አወጣች። ኩራትና ጭፍን ጥላቻ። ጭፍን ፍርዱ የማን ነው? የሁላችንም ወዳጅ የኤልሳቤጥ! ብልኋ፣ ተጫዋቿ፣ ሰው አዋቂዋ። ዊካም ደስ አላት፣ አመነችው። ዳርሲ አላስደሰታትም፣ ፈረደችበት። ከዚያ ስለ ዊካም እውነቱን የሚነግር አንድ ደብዳቤ ከዳርሲ ደረሳት። አነበበች። ደግማ አነበበች። ሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ላይ ስትንከራተት ቆይታ የደረሰችበት ነገር «እስከዚች ቅጽበት ድረስ ራሴን አላውቅም ነበር» የሚል ነው።

በአንድ ደብዳቤ! እኛ ሙሉውን መጽሐፍ አንብበን የያዝነው ግን ሠርጉን ነው። ርዕሱንም ተከፋፈልነው። ኩራቱን ለዳርሲ ሰጠን። ጭፍን ጥላቻውን ለባላባቷ ለሌዲ ካትሪን ሸለምናት። ኤልሳቤጥ ነጻ ወጣች፤ እሷ እኛ ናት አይደል።

በዚያው የንባብ ቡድናችን አንድ ልጅ እግር አባል አለ። ገና ማኅበሩን አልለመደም። ሊያሳርገን ሲል እንዲህ ጠየቀ፦ «ሁላችንም አቲከስ ከሆንን ቶም ላይ የፈረደው ማን ነው?» ዝም ተባለ። አንዱ ሰዓቱን አየ።

እኔ በበኩሌ አላውቅም። ያን ቀን የችሎቱ ሰገነት ላይ፣ ከአቲከስ ልጆች ጋር ነበርኩ። ጎረቤቴም እዚያ ነበር፤ ጓደኞቼም በሙሉ። ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ መተንፈሻ አልነበረም። ወደ ታች ሳይ 12ቱም ወንበር ባዶ ነው።