ጋባዥ የበዛበት፣ ገዥ የጠፋበት ኮይን

ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ተቀምጦ ቴሌግራም የሚጠቀም ወጣት «ጓደኛህን ጋብዝ፣ ኮይን ውሰድ» የሚል ሊንክ ሳይደርሰው አይቀርም። ከመጋበዝ አልፎ የራሱን ኮይን፣ ማለትም ክሪፕቶ የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ፣ ለማውጣት የሚያስብም አለ። ቴክኒኩ የሚያስፈራ አይደለም፤ ኤቴሪየም ለተባለው፣ ኮይን ለሚወጣበት የኮምፒውተር መረብ የተዘጋጀ ኮድ ስላለ ስሙንና ብዛቱን ሞልቶ ቶከን፣ ማለትም የራስን ኮይን፣ ማውጣት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። የሚከብደው ገዥ ማግኘቱ ነው። ማስታወቂያ ሰው ይሰበስባል፤ በነጻ ተሰጥቶት የመጣ ሰው ግን ገበያው በተከፈተ ቀን ሻጭ ነው።

ስልክ በመነካካት ኮይን የሚሰበሰብበት የቴሌግራም ጨዋታ ሃምስተር ኮምባት ቅርብ ምስክር ነው። አዘጋጆቹ 300 ሚሊዮን ተጫዋች እንዳላቸው ይናገሩ ነበር። ኮይኑ ገበያ የወጣው መስከረም 16 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በደመራ ዕለት ነው። ለሚሊዮኖች በአንድ ቀን ኮይኑ እጃቸው ገባላቸው፤ ለአንድ ጉዳይ ፈልጎት የሚገዛ ግን እጅግ ጥቂት ነበር። ከ1 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ የጀመረው ዋጋ ሁለት ወር ሳይሞላው ከግማሽ በታች ወረደ። ወራት ሙሉ ስልኩን ሲነካካ የከረመ ብዙ ልጅ ያገኘው ጥቂት ዶላር ነው።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን በቁጥር እንየው። ብዛቱ 1 ቢሊዮን የሆነ ኮይን አለ እንበል። ባለቤቶቹ መገበያያው ቋት ውስጥ፣ ማለትም ገዥና ሻጭ ኮይኑን በገንዘብ በሚለውጡበት የጋራ ማስቀመጫ ውስጥ፣ 1 ሚሊዮን ኮይንና 1 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ዶላር ያስቀምጣሉ፤ የአንዱ ዋጋ 1 ብር ሆነ ማለት ነው። ማስታወቂያው ወዲያው «የ1 ቢሊዮን ብር ኮይን» ይላል። ቋቱ ግን የሚሠራው የኮይኑ ብዛት በገንዘቡ ብዛት ሲባዛ የሚገኘው ውጤት እንዳይለወጥ አድርጎ ነው። አንድ ሰው 1 ሚሊዮን ኮይን፣ ማለትም ከጠቅላላው ከሺህ አንዱን ቢሸጥ፣ ቋቱ ውስጥ 2 ሚሊዮን ኮይንና 500 ሺህ ብር ይቀራል። ሻጩ 500 ሺህ ብር ይዞ ወጣ፤ ዋጋው ወደ 25 ሳንቲም ወረደ። ቀጥሎ የመጣው ያንኑ ያህል ቢሸጥ የሚደርሰው 167 ሺህ ብር አይሞላም። ሦስተኛው የሚያገኘው ከዚህም ያነሰ ነው። እንግዲህ ኮይን ሲተዋወቅ መጠየቅ ያለበት ቋቱ ውስጥ ስንት ገንዘብ እንዳለና ባለቤቶቹ መልሰው እንዳይወስዱት ለስንት ጊዜ እንደተቆለፈ ነው።

ስምና ሎጎ ዋጋ የላቸውም እያልኩ አይደለም። ስሙ አጭር ይሁን፣ በፊደላችንም በላቲንም አንድ ዓይነት ብቻ አጻጻፍ ይኑረው። ግን ስምን ማንም መቅዳት ይችላል፤ በአንድ ስም ደርዘን ቶከን ሊወጣ ይችላል። የሚለያቸው የኮንትራት አድራሻቸው፣ ማለትም እያንዳንዱ ቶከን መረቡ ላይ ያለው የራሱ መለያ፣ ብቻ ስለሆነ አድራሻው ገና ከመጀመሪያው ቀን በቻናሉ አናት ላይ ይሰካ። «አንዱ 10 ሳንቲም ብቻ ነው፣ ርካሽ ነው» የሚለውን ማስታወቂያ ደግሞ ተዉት፤ ብዛቱ ሳይነገር ርካሽም ውድም የለም። የመሥራቾቹ ድርሻ በግልጽ ይጻፍ፣ ቢያንስ አንድ ዓመት ይቆለፍ፣ ከዚያም በየወሩ ጥቂት በጥቂት ይለቀቅ። ለአስተዋዋቂ የሚከፈለው በኮይኑ ሳይሆን በገንዘብ ይሁን፤ በኮይን የተከፈለው አስተዋዋቂ ተከታዮቹን «ግዙ» ባለበት ሰዓት እሱ ይሸጣል።

የሚያሳስበኝ ከሁሉ በላይ የዝምድናው ነገር ነው። ዕቁብ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ዕጣ የደረሰው ሰው ዋስ ይጠራል። የግብዣ ሊንክ ግን የአክስትንና የጎረቤትን እምነት ያለ ዋስ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው ዋንኮይን የተባለው የማጭበርበሪያ ኮይን የተስፋፋው እንዲህ ነው። በትምህርት ጥቅል ስም፣ ከዘመድ ወደ ዘመድ ይሸጥ ነበር፤ መሪዋ ሩጃ ኢግናቶቫ ለንደን ዌምብሌይ አዳራሽ ውስጥ በጭብጨባ ተቀብለዋታል። እውነተኛ ብሎክቼይን፣ ማለትም የኮይን ዝውውር የሚመዘገብበት የጋራ መዝገብ፣ ግን አልነበረውም። እሷ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2017 ተሰወረች፤ የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ ጉዳቱን ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ብሎታል። እጃቸው ባዶ የቀረው ለወንድማቸው የሸጡ፣ ከወንድማቸው የገዙ ሰዎች ናቸው።

ሕጉንም መደበቅ ነውር ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ማሳሰቢያ የአገሪቱ መገበያያ ብር መሆኑን፣ በክሪፕቶ መገበያየትም ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል። ስለዚህ «ቡሬ ገበያ ላይ ጤፍ ትሸምቱበታላችሁ» ብሎ ማስተዋወቅ ገዥውን አደጋ ላይ መጣል ነው። «እስከ ዓርብ ካልወሰዳችሁ ይቃጠላል» ማለትም እንደዚያው፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ለወራት የሞባይል ዳታ ተቋርጦበት ለነበረ አካባቢ ሰው የቀን ገደብ ምን እንደሆነ ይታወቃል።

ፍላጎት መኖሩ የሚለካው በቻናሉ አባላት ብዛት አይደለም። ሽልማቱን አቁሙና 30 ቀን ጠብቁ። ከዚያ ከ100 ሰው ስንቱ ያለ ምንም ጉርሻ ተመልሶ ኮይኑን ለተሠራበት ጉዳይ እንደተጠቀመበት ቁጠሩ። አምስት ካልሞላ የማስታወቂያውን በጀት አቁማችሁ አገልግሎቱን ሥሩ፤ አገልግሎት ከሌለው ደግሞ ለማንም አትላኩት።