«ማስተባበል» ይበቃናል ወይ?

የክርክሩ ነጥብ፦ የሐሰት ወሬን በማስረጃ ማፍረስ «ማስተባበል» ሊባል ይገባል ወይስ ቃሉ ለዚህ ሥራ አይበቃም? ተከራካሪዎቹ በደሴ ለረጅም ዘመን አማርኛ ያስተማሩ ጡረተኛ መምህርና በኮምቦልቻ የሚሠሩ ጠበቃ ናቸው።

መምህሩ፦
«ማስተባበል» በፍርድ ቤት ቋንቋ ዛሬም ክብሩን እንደያዘ ነው። ሕግ እውነት ነው ብሎ ከሚነሣበት ግምት መካከል በማስረጃ ሊስተባበል የሚችል አለ፣ የማይስተባበልም አለ፤ በዚያ ስፍራ «አስተባበልሁ» የሚል ሰው ሰነድ ሳያቀርብ ወይም ምስክር ሳይቆጥር አይወጣም። ጋዜጠኞች «መሥሪያ ቤቱ ዜናውን አስተባበለ» እያሉ ቃሉን ለባዶ ክህደት ቢያውሉት ጥፋቱ የእነርሱ ነው። ስለዚህ «ውድቅ ማድረግ»፣ «ማክሸፍ»፣ «ሐቅ ማጣራት» እያልን ቃል ከምንደረድር ያለንን አጥርተን ብንይዝ ይሻላል። ማስተባበልና መካድ የተለያዩ መሆናቸውን እዚሁ ደሴ አቅራቢያ ያለ የሐይቅ ገበሬ እንኳ ያውቀዋል።

ጠበቃው፦
የሐይቅ ገበሬ «እንኳ»! መምህር፣ እኔ የሐይቅ ገበሬ ልጅ ነኝ። አባቴ ውሸታም ሲገጥመው «ውሸቱን አወጣሁበት» ወይም «ረታሁት» ይላል እንጂ «አስተባበልሁት» ሲል ሰምቼው አላውቅም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና በገባ ሰሞን ፌጦና ነጭ ሽንኩርት በሽታውን ይከላከላሉ ተባለና እናቴ ፌጦውን በሎሚ በጥብጣ፣ በዘይት ጠርሙስ ሞልታ፣ አፉን በፌስታል አስራ ጓዳ አስቀመጠችው። «የጤና ባለሙያዎች ወሬውን አስተባበሉ» ብዬ ባነብላት፣ «ታዲያ ምን ሊሉ ኖሯል?» ብላኝ ሥራዋን ቀጠለች። በእርሷ ጆሮ ማስተባበል የተከሳሽ ቃል ነው፤ ተከሳሽ ሁሉ ያስተባብላል።

መምህሩ፦
ልጄ፣ «እንኳ» ያልሁት ገበሬን ለማሳነስ አይደለም፤ ከተማረው ሰው ይልቅ ቋንቋ ጠባቂው እርሱ ስለሆነ ነው። ይልቅስ ያመጣኸው ምሳሌ ራስህን ይጥልሃል። የዓለም ጤና ድርጅት በጊዜው ስለ ነጭ ሽንኩርት የተናገረው «ጤናማ ምግብ ነው፤ ከዚህ በሽታ ለመከላከሉ ግን ማስረጃ የለም» የሚል ነበር። «ማስረጃ የለም» እና «ውሸት ነው» አንድ አይደሉም። ለእናትህ «ውሸቱን አወጡበት» ብለህ ብታነብላት ኖሮ ዋሾው አንተ ነበርህ።

ምሳሌ ከተፈለገ ከዚሁ ከአምባሰል፣ ከውጫሌ ልጥቀስ። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጽ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከኤውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል የጣልያንኛው ቅጂ ነገሩን ግዴታ አደረገው። ኢጣልያ ይህን ይዛ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ብላ ለዓለም ስታውጅ፣ ዳግማዊ ምኒልክ የአማርኛውን ቃል ይዘው ለንጉሥ ኡምቤርቶ ጻፉ። ማስተባበል ይህ ነው።

ጠበቃው፦
«ልጄ» መባሌን አልፈዋለሁ፤ «እንኳ»ን ግን አላልፍም፣ ቋንቋ ጠባቂ ያሉትን ሰው «እንኳ» ብለው አይጠሩትምና። ስለ ውጫሌ፦ ኢጣልያ ደብዳቤውን አንብባ ወሬዋን ተወችን? የተወችው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ድል ከተመታች በኋላ ነው፤ ውሉም የተሰረዘው በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ውል ነው። አባቴ «መርታት» የሚለው ይህንን ነው።

መምህሩ፦
እንግዲያው ዓድዋ ላይ ብንሸነፍ ኖሮ አማርኛው «ይቻላቸዋል» ወደ «ይገባቸዋል» ይለወጥ ነበርን? ጦር ውል ያስቀድዳል እንጂ ንባብ አያቃናም። የኢጣልያ አባባል ሐሰት የነበረው ጥይት ሳይተኮስ በፊት ነው።

ጠበቃው፦
ስለ ፍርድ ቤት ቋንቋ ክብር ላስተማሩኝ መምህር እኔም አንድ ላሳይ። በጋብቻ ውስጥ የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው ነው ተብሎ በሕግ ይገመታል። ባልየው ይህን ግምት ለማፍረስ የሚያቀርበው ክስ «የመካድ ክስ» ይባላል፤ ያለ ማስረጃም አይሰማም። ባዶ ነው ያሉት መካድ እንዲህ ማስረጃ ተሸክሞ ከተገኘ፣ በሁለቱ ቃላት መካከል ያሰመሩት ድንበር ወዴት አለ?

መምህሩ፦
እኔ የተነሣሁት ስለ ጋዜጣ አማርኛ እንጂ ስለ ቤተሰብ ሕግ ልከራከር አይደለም። ጋዜጠኛው «አስተባበለ» ብሎ ዐረፍተ ነገሩን እንዳይዘጋ፣ በምን እንዳስተባበለም እዚያው እንዲጽፍ እጠይቃለሁ። ይህን የሚቃወም ያለ አይመስለኝም።

ጠበቃው፦
ሲጀምሩ ቃሉ ይበቃል ነበር ያሉት፤ አሁን «በምን» የሚል ደጋፊ ፈለጉለት። እርሱን እቀበላለሁ። ሐይቅን በሚመለከት ግን «እንኳ»ን ከጽሑፍዎ ያንሡልኝ።