የአረብ አገር ሠራተኛዋ ገንዘብ በማን ስም ይቀመጣል?

ከቃሉ፣ ከተሁለደሬ፣ ከወረባቦና ከአምባሰል ተነስተው በቤት ሠራተኝነት ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ወደ ኩዌት፣ ወደ ዱባይና ወደ ቤይሩት የሄዱ እህቶቻችን የሚልኩት ገንዘብ በደሴና በኮምቦልቻ ባንኮች ሲመነዘር ብዙ ዓመታት ተቆጥረዋል። የብዙ ቤት ጣሪያ ቆርቆሮ የለበሰው፣ ታናናሾች የተማሩት፣ በክፉ ዓመት ቀለብ የተሸመተው በዚሁ ገንዘብ ነው። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው በላኪዋ ስም ሳይሆን በአባቷ፣ በወንድሟ ወይም በባሏ ስም በተከፈተ ሂሳብ ላይ ነው። ስትመለስ የሚጠብቃት ጭቅጭቅ በየሰፈሩ የታወቀ ስለሆነ አልዘረዝረውም፤ ጥፋቱን በቤተሰብ ላይ ብቻ መጣል ግን ትክክል አይመስለኝም። በራሷ ስም ያስቀመጠችውን ገንዘብ ባሕር ማዶ ሆና እንዳታዝበት የሚያደርጋት በዋናነት የባንኮቻችን አሠራር ነው።

በምትኖርበት አገርም ቢሆን የባንክ በር በቀላሉ አይከፈትላትም። በሳዑዲ ዓረቢያ ሂሳብ ለመክፈት ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ያስፈልጋል፤ ኢቃማውን የሚያወጣውና የሚያድሰው አሠሪው ሲሆን፣ ጊዜው ካለፈበት ሂሳቡ ይታገዳል። ስለዚህ ከአሠሪዋ ጋር የተጣላች ሠራተኛ ከመኖሪያ ፈቃዷ ጋር ገንዘቧን የማንቀሳቀስ መብቷንም ታጣለች። የሳዑዲ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2024 ጀምሮ አዲስ የሚቀጠሩ የቤት ሠራተኞች ደመወዝ ሙሳነድ በተሰኘው ሥርዓት በኩል በባንክና በዲጂታል ቦርሳ እንዲከፈል ማድረጉ፣ ደመወዟን ለተከለከለች ሴት ማስረጃ ስለሚሆናት መልካም እርምጃ ነው። በጅቡቲና በየመን በኩል በእግርና በጀልባ ለገባችው ግን አይደርሳትም። በሊባኖስ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ባንኮች የዶላር ተቀማጭ ማውጣትን ሲገድቡና ሊራው ሲወድቅ ደመወዛቸውን ያጡ፣ በ2020 አጋማሽም ከነሻንጣቸው በቤይሩት የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ የተጣሉ እህቶቻችን አይረሱም። በአገሯ የሚገኝ፣ የራሷ የሆነ ሂሳብ የሚያስፈልጋት ለዚህ ነው።

ይህን ሂሳብ ከመሄዷ በፊት ከፈተችው እንበል። የሞባይል ባንኪንጉ የሚያያዘው ከኢትዮጵያ ሲም ካርዷ ጋር ነው። ሪያድ ስትደርስ የዚያን አገር ቁጥር ትይዛለች፤ የቀድሞው ሲም ይጠፋል፣ ወይም ለእህቷ ትታው ትሄዳለች፣ ወይም ካርድ ሳይሞላበት ቆይቶ ይዘጋል። ስልክ ስትቀይር መተግበሪያው የማረጋገጫ ኮድ ይጠይቃታል፤ ኮዱ ግን የሚላከው በእጇ ወደሌለው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ይቀየርልኝ ስትል የሚሰጣት መልስ «በአካል ቅረቢ፤ ካልሆነም ሕጋዊ ወኪል ላኪ» የሚል ነው። ውክልና ለመስጠት ኤምባሲ ወይም ቆንስላ መቅረብ፣ ሰነዱንም አዲስ አበባ በሚገኘው ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማስረጋገጥ ያስፈልጋል። አብሃ ከተማ ውስጥ በሰው ቤት የምትሠራ፣ የዕረፍት ቀን የማታውቅ፣ ፓስፖርቷ በአሠሪዋ እጅ የተያዘባት ልጅ በምን አቅሟ ጅዳ ድረስ ትሄዳለች? ብትችልም የምትወክለው ያንኑ ወንድሟን ነው።

የስሙ ጉዳይ ከዚህም ይከፋል። በደላላ እጅ ባለፈ ፓስፖርት ላይ ዕድሜ መጨመሩ፣ ስም መለወጡ፣ ክርስቲያኗም በሙስሊም ስም መጻፏ በወሎ እንግዳ ነገር አይደለም። በውጭ ያላት መታወቂያ ፓስፖርቷ ብቻ ሲሆንና በሂሳቡ ላይ ካለው ስም ጋር ሳይገጥም ሲቀር፣ የገንዘቡ ባለቤት መሆኗን በምንም ማስረዳት አትችልም። የጣት አሻራና የዓይን ምስል የሚይዘው የፋይዳ መታወቂያ ይህን ችግር ሊያቃልል ይችላል፤ ይህ የሚሆነው ግን ከጉዞዋ በፊት በእውነተኛ ስሟ ተመዝግባ ሂሳቧም ከእሱ ጋር ከተያያዘ ነው።

የባንክ ባለሙያዎች በስልክ የሚፈጸም ማጭበርበር ስለበዛ ጥንቃቄው የግድ ነው ይላሉ። ሥጋታቸው ተገቢ ነው፤ በእነዚህ ሴቶች ገንዘብ ላይ ያነጣጠሩ አጭበርባሪዎች ጥቂት አይደሉም። ሆኖም ገንዘቡ በሌላ ሰው ስም መቀመጡ ጉዳቱን ከባንኩ መዝገብ ያወጣዋል እንጂ እሷን አያድናትም። በምስል ጥሪ ፊቷን በፋይዳ ከተመዘገበው ፎቶ ጋር አመሳክሮ የሳዑዲ ወይም የኩዌት ቁጥሯን መመዝገብ ከባንኮቻችን አቅም በላይ አይደለም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ባንኮች ለውጭ ገንዘብ ይሻማሉ፤ ላኪዎችንም ከጥቁር ገበያው ወደ ባንክ ለማምጣት ያስተዋውቃሉ። ያንን ሪያልና ዲርሃም የምታመጣውን ሴት በስሟ ማስተናገድ ከማስታወቂያው መቅደም ነበረበት። በአካባቢያችን ብዙዎች ወለድ የማይነኩ በመሆናቸውም ከወለድ ነፃ አገልግሎቱ ከውጭ ሆነው የሚያንቀሳቅሱት ሊሆን ይገባል።

ለተጓዦች የቤት አያያዝ ሥልጠና በሚሰጥባቸው የደሴና የኮምቦልቻ ኮሌጆች የባንክ ሠራተኛ ቢመደብ፣ እያንዳንዷ ሠልጣኝ ሂሳቧን እዚያው ከፍታ፣ የምስጢር ቁጥሯን ራሷ መርጣና ጥቂት ብር በራሷ እጅ አስተላልፋ ሞክራ ትወጣለች። ለወላጆቿ የሚያስፈልገውንም ድጎማ በየወሩ ከዚያው ሂሳብ ላይ ራሷ ትልክላቸዋለች።