ባለ ክራኮቹን አመስግኑልኝ

ባለፈው እሑድ ከእድራችን ወርኃዊ ስብሰባ ስመለስ፣ በሰፈራችንም ሆነ በመላ አገራችን ስለሞሉት ስለ አንድ ወገን ሰዎች እስከ ዛሬ አንዲት የምስጋና ቃል እንኳ አለመጻፌ ከነከነኝ። እነዚህ ሰዎች ለድንኳን ይከፍላሉ፤ ለወንበር ይከፍላሉ፤ ለብረት ድስትና ለድስቱ ክዳን ለየብቻ ይከፍላሉ፤ ለሶፍትዌር ግን አይከፍሉም፤ የክፍያ ቁልፉን በሚሰብር፣ ክራክ በሚባል ፕሮግራም ይከፍቱታል። አይከፍሉም ስል አጥተው አይደለም፤ ለሶፍትዌር ገንዘብ ማውጣት ለነፋስ ግብር እንደ መክፈል ስለሚቆጠርባቸው ነው። አንባቢ ያውቃቸዋል። ምናልባትም ይህን ጽሑፍ የሚያነበው ከእነርሱ አንዱ ሆኖ፣ ከስክሪኑ በስተቀኝ ግርጌ ዊንዶውሱን አክቲቬት እንዲያደርግ የሚለምነው ግራጫ ጽሑፍ እንደ ክታብ ተንጠልጥሎለት ሊሆን ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ አንባቢ አክብሮቴን ከወዲሁ አቀርባለሁ።

ከሁሉ የሚቀድመው ትዕግሥታቸው ነው። 60 ሺህ ብር የሚያወጣ ስልክ ከሰዓት በኋላ አስቦ ሳይመሽ የሚገዛ ጎልማሳ፣ 150 ብር የሚጠይቅ መዝገበ ቃላት ሲገጥመው ሦስት ሳምንት ይመክራል፤ ወዳጅ ዘመድ ያማክራል፤ በቴሌግራም ከግሩፕ ግሩፕ ይንከራተታል፤ በመጨረሻም ማን እንዳዘጋጀው የማይታወቅ ፋይል አውርዶ፣ ስልኩ ራሱ «ተው፣ ይቅርብህ» እያለ ሦስት ጊዜ ሲያስጠነቅቀው ሦስት ጊዜ «እሺ» የሚለውን ተጭኖ ያልፋል። ፎቶዎቹን፣ የዘመዶቹን ስልክ ቁጥሮችና የባንክ አፑን ለማያውቀው ሰው ከፍቶ ሰጥቶ 150 ብር ያተርፋል። ቁጠባ ማለት ይህ ነው።

ኮምፒውተር ፎርማት የሚደረግባቸውን ሱቆች ሥርዓትም ሳላደንቅ አላልፍም። ደንበኛው ላፕቶፑን ታቅፎ ሲገባ ባለሱቁ «ኦፊስ ልጫንልህ? ፎቶሾፕስ? አውቶካድስ ይኑርህ?» ብሎ፣ ሚጥሚጣና አዋዜ እንደሚያቀርብ የሥጋ ቤት አስተናጋጅ በትሕትና ይጠይቃል። ደንበኛው አውቶካድ ምን እንደሚሠራ ባያውቅም «ይኑር፣ ምን ይጎዳል» ይላል። ከዚያ አንቲቫይረሱ እንዲዘጋ ይደረጋል። ክራኩ እንዲገባ መጀመሪያ ዘበኛው መተኛት አለበትና። ሲጨርሱ 500 ብር ተቆጥሮ ይከፈላል። ስለዚህ ወገኖቻችን ለሶፍትዌር አይከፍሉም መባሉ ጥቂት ስም ማጥፋት ሳይኖርበት አይቀርም፤ ይከፍላሉ፣ የሚከፍሉት ግን ለሠራው ሳይሆን ለሰበረው ነው። ከውጭ አገር ለዕረፍት የሚመጡ ወንድሞቻችንም ላፕቶፓቸውን በዚሁ ሱቅ በኩል አሳልፈው እንደሚመለሱ ስሰማ፣ ወደ ውጭ የምንልከው ቡና ብቻ አለመሆኑ አኩርቶኛል።

ወደ እድራችን ልመለስ። እድራችን 240 ቤተሰቦችን ያቀፈ ሲሆን፣ መዝገቡ በጡረታ ላይ ባሉ አንድ መምህር የእጅ ጽሑፍ ተይዞ የኖረ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የእኅቴ ልጅ፣ በሶፍትዌር ምሕንድስና የተመረቀ ወጣት፣ አራት ወር ሌሊቱን እየተቀመጠ የእድር መዝገብ የሚይዝ ሶፍትዌር ሠራ። መብራት ሲጠፋ በባትሪ፣ ባትሪው ሲያልቅ በወረቀት ላይ እየጻፈ ነው የሠራው። ሶፍትዌሩ አማርኛ ያውቃል፤ ዓመት 13 ወር እንዳለው ያውቃል፤ ወርኃዊ መዋጮን፣ ውዝፍንና ቀብር ላይ ያልተገኘ አባል የሚጣልበትን ቅጣት ለይቶ ያሰላል። የጠየቀው ዋጋ ለሁሉም 12 ሺህ ብር ነበር። በቤተሰብ ሲካፈል 50 ብር መሆኑ ነው፣ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ።

በመጀመሪያው እሑድ ሊቀመንበራችን «ልጄ፣ ይኼ ነገር በእጅ ይያዛል?» ብለው ጠየቁ። ልጁ ሶፍትዌሩ ያለበትን ፍላሽ ሰጣቸው። በመዳፋቸው መዘኑት፤ ገለበጡት፤ ለገንዘብ ያዡ አሳለፉት፤ እርሳቸውም መዝነው ለጎረቤታቸው ሰጡ። ፍላሹ ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ ከዞረ በኋላ አንድ አባት ተነሥተው፣ ባዶ ፍላሽ በገበያ 400 ብር መሆኑን ለቤቱ አስረድተው፣ የቀረው 11,600 ብር የምን እንደ ሆነ እንዲብራራላቸው ጠየቁ። «የሥራዬ ዋጋ ነው፣ አባ» አለ ልጁ። «ሥራማ ሥራ ነው፤ ግን የቱ ጋ ነው ያለው?»

በሁለተኛው እሑድ ጉዳዩ ጠለቀ። ገንዘብ ያዣችን መነጽራቸውን ወልውለው፣ «አንድ ጊዜ ከሠራኸው በኋላ ሌላ ቅጂ ለመገልበጥ ምን ያህል ያስወጣሃል?» አሉት። ውሸት የማያውቀው ልጅ «ምንም» አለ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። በገዛ አፉ መሰከረ ተባለ። ገንዘብ ያዣችን የእህል ወፍጮ ባለቤት ናቸው፤ ወፍጮው ከተገዛ በኋላ አንድ ኩንታል ለመፍጨት ብዙም እንደማያስወጣቸው፣ ስለዚህም ከነገ ጀምሮ በነፃ ይፈጩልን እንደ ሆነ ለመጠየቅ እጄን አውጥቼ ነበር፣ ዕድል አልተሰጠኝም።

በሦስተኛው እሑድ ለአዲስ ድንኳን 180 ሺህ ብር ወጪ እንዲሆን በአንድ ጭብጨባ ተወሰነና የሶፍትዌሩ ነገር «ለተጨማሪ ጥናት» ተላለፈ። ጥናቱም ተጠና። የገንዘብ ያዣችን የቅርብ ዘመድ የሆነ «ጎበዝ ልጅ» አንድ የውጭ አገር የሂሳብ መያዣ ሶፍትዌር ከነክራኩ በፍላሽ ይዞ ከች አለ። ይህ ሶፍትዌር የተሠራው ዕቃ ለሚሸጡ መደብሮች ነው። ስለዚህ 240ዎቹ አባሎቻችን በአንድ ቀን «ደንበኛ» ሆነው አደሩ። የሚሞት ሰው የሚባል ነገር በመደብር ስለሌለ፣ ጸሐፊያችን በብዙ ፍለጋ አንድ የሚቀርብ ክፍል አግኝተው ሟቾችን «ከሽያጭ የወጣ ዕቃ» ሥር መመዝገብ ጀመሩ። ለሐዘንተኛ ቤተሰብ የሚሰጠው ገንዘብም «የተመላሽ ዕቃ ሂሳብ» ውስጥ ገባ። ባለቤታቸው ያረፉባቸው አንዲት እናት ገንዘቡን ተቀብለው ከማሽኑ የወጣውን ደረሰኝ ለልጃቸው ሰጧት። ልጅቱ የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ እያየች ዝም አለች። «ምን ይላል?» ቢሏት ዝም። አጥብቀው ሲይዟት፣ «ስለ ገበያዎ እናመሰግናለን፤ ደግመው እንዲመጡ በአክብሮት እንጋብዛለን» ይላል አለች።

ዝም ብላ ብትቀር ይሻል ነበር።

የጳጉሜንም ነገር አለ። አንድ አባታችን ጳጉሜን 3 ቀን አረፉ። ሶፍትዌሩ 13ኛ ወር የሚባል አልሰማም። ጸሐፊያችን «13» ብለው ቢጽፉ እምቢ አለ፤ ነሐሴ 33 ቢያደርጉት እምቢ አለ፤ በመጨረሻ ተስፋ ቆርጠው ሰውየውን በመስከረም 1 ቀን፣ በዕንቁጣጣሽ፣ እንዲሞቱ አደረጓቸው። ቀብሩ የተፈጸመው ጳጉሜን 4 ስለ ነበር፣ በመዝገቡ መሠረት በሕይወት ሳሉ በራሳቸው ቀብር ላይ ባለመገኘታቸው ቅጣት ሊጻፍባቸው ምንም አልቀረም። ውዝፋቸው እስከ አሁን ይታያል።

ከክራኩ ጋር የገባው ነገር ደግሞ ሥራውን ቀጠለ። ፎልደሮቻችን ሁሉ ወደ ሾርትከት ተለወጡ፤ ብንከፍታቸው ባዶ፤ ፍላሹ የተሰካበት የፎቶኮፒ ቤት ኮምፒውተር ሁሉ በየተራ ታመመ። ኮምፒውተሩ በዓመት 9 ጊዜ፣ በአንድ ጊዜ 500 ብር እየተከፈለ ፎርማት ተደረገ። በሦስት ዓመት 13,500 ብር ይመጣል። እነሆ እድራችን 12 ሺህ ብር ላለመክፈል 13,500 ብር ብቻ አውጥቶ መዝገቡን አጣ።

ወደ መርህ ስናልፍ ደግሞ፣ እነዚህ ወገኖቻችን አንዳንዴ «ሶፍትዌር በዓለም ላይ ነፃ መሆን አለበት የሚሉ ሊቃውንት አሉ» ብለው ይከራከራሉ። አሉ። ሪቻርድ ስታልማን የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1983 ግኑ የተባለውን የነፃ ሶፍትዌር ፕሮጀክት ሲያውጅ ሶፍትዌር ነፃ ይሁን ያለው ተጠቃሚው የሶፍትዌሩን ውስጥ ማየት፣ ማሻሻልና ለሌላው ማካፈል ይቻለው ብሎ ነው። በእንግሊዝኛ «ፍሪ» የሚለው ቃል «አርነት ያለው»ም «ያለ ክፍያ»ም የሚል ሁለት ትርጉም ስላለው ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ሲያብራራ ኖሯል። እኛ ግን በቋንቋችን አንዲት «በ» ፊደል ተሰጥታናለች፤ «ነፃ» ሌላ፣ «በነፃ» ሌላ። ስታልማን ራሱ ነፃ ያለውን ኢማክስ የተባለ የጽሑፍ ማዘጋጃ በቴፕ ቀድቶ በ150 ዶላር ይሸጥ ነበር። ከእርሱ በፊት እ.ኤ.አ. በ1976 ወጣቱ ቢል ጌትስ ሶፍትዌሩን ሳይከፍሉ ለሚገለብጡ ሰዎች በጻፈው ግልጽ ደብዳቤ፣ ያገኘው ገቢ ለደከመበት ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 2 ዶላር እንደማይሞላ አማርሯል። ሁለቱ ሰዎች በብዙ ነገር አይስማሙም። ሆኖም አንደኛውም ቢሆን ክራክን አላስተማረም፤ ይህ የእኛ ሊቃውንት ተጨማሪ ድካም ነው።

ድካማቸው የሚገባኝ ግን በእውነት በነፃ የሚሰጥ ነገር ሲቀርብላቸው ነው። የእኅቴ ልጅ ነገሩ ሁሉ ከፈረሰ በኋላ፣ ኩርፊያውን ውጦ፣ ቢያንስ ሊብሬ ኦፊስ የተባለውን የጽሑፍና የሠንጠረዥ ማዘጋጃ ተጠቀሙ ብሎ መክሯቸው ነበር። ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ ሕጋዊ የሆነ፣ አንድ ሳንቲም የማይጠይቅ፣ በአማርኛም የተተረጎመ ነው። ሊቀመንበራችን ቅር ተሰኙ። «በነፃ የሚታደል ነገር ምን ይረባል ብለህ ነው? ሰው ምን ይለናል? ዋናውን ኦፊስ በክራክ ጫንልን እንጂ» አሉት። ያን ቀን ነው ነገሩ የበራልኝ። ወገኖቻችን ዋጋ የሌለውን ነገር አይወዱም፤ የሚወዱት ዋጋ ያለውንና እነርሱ ግን ያልከፈሉበትን ነው።

እዚህ ላይ ሽሙጡን ጥቂት ላቁመው። አንድ ተማሪ በዶላር የተተመነ፣ የውጭ ካርድ ሳይያዝ የማይከፈልበት ሶፍትዌር በክራክ ቢጠቀም ልፈርድበት አልችልም፤ ሱቁ በር የለውም፣ ልጁ ደግሞ መማር አለበት። በብር የተተመነውን፣ የጎረቤት ልጅ የሠራውን ስንሰርቅ ግን ምን ብለን ነው? እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው፣ የዓለም ፊደላትን ለኮምፒውተር በሚያስማማው ሥርዓት ውስጥ ከመግባቱ በፊትም ሆነ በኋላ፣ ግዕዝን በኮምፒውተር ለማስጻፍ ዓመታቸውን የጨረሱ ሰዎች ነበሩ። አንዱ በሠራው የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የተዘበራረቀ የላቲን ምልክት በሚሆንበት ዘመን፣ ፊደል በፊደል ተቀምጠው የለፉ ሰዎች። በልፋታቸው ጋዜጣ አሳተምን፤ የሠርግ ጥሪ አተምን፤ ክስ መሠረትን፤ የሐዘን መግለጫ ጻፍን። ከመካከላችን ስንቱ ከፈላቸው? እኔ ራሴ አልከፈልኩም፤ ይህን ስጽፍ ፊቴ ይቀላል። ሕጉ አላነሰንም፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከመጽሐፍ ጋር በአንድ ተራ አስቀምጦ ይጠብቃል። ያነሰን ኀፍረት ነው። የሰው ልጅ አራት ወር እንቅልፍ አጥቶ የሠራውን ነገር በመዳፍ መዝኖ «የቱ ጋ ነው ያለው?» ማለት ድፍረት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርኩ። ከጥቂት ጊዜ በፊት በአንድ አዳራሽ ስለ አእምሯዊ ንብረት ጥበቃ በተሰጠ ሥልጠና ላይ ተገኝቼ ነበር። አሠልጣኙ ስለ ፈጠራ ባለቤትነት ክቡርነት ሁለት ሰዓት ሲናገሩ፣ በስተኋላቸው ባለው ትልቅ ስክሪን ግርጌ ያች ግራጫ ጽሑፍ አብራቸው ቆማ ነበር። ሁለቱም ድካም ሳይታይባቸው እስከ መጨረሻው ቆዩ።

የእኅቴ ልጅ አሁን ከቤቱ ሳይወጣ ለአንድ የውጭ ድርጅት ይሠራል፤ ወር ሲሞላ ይከፍሉታል፤ ኮዱን በመዳፉ ይዞ እንዲያሳያቸው የጠየቀው የለም። ባለፈው እሑድ ይህ በስብሰባችን ሲወራ ሊቀመንበራችን ራሳቸውን ነቅንቀው «ልጆቻችን አገራቸውን መውደድ ትተዋል» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ መዝገቡ እንደ ጠፋ፣ የአባላት ውዝፍ እንዳልታወቀ፣ በዚህ ከቀጠልን እድሩ መፍረሱ መሆኑን ገልጸው፣ ልጁ ያንን ሶፍትዌሩን ይዞ እንዲመጣ እንድለምንላቸው ጠየቁኝ። «ለበጎ ሥራ እኮ ነው» አሉ። እዚያው ደወልኩለት። በጨዋ ደንብ አናገረኝ፤ የቤተሰብ ደኅንነት ጠየቀ፤ ጊዜው ስለ ተወደደ ዋጋው 40 ሺህ ብር መሆኑንም ነገረኝ። ስልኩን ሳልዘጋ ዋጋውን ለሊቀመንበሩ ነገርኳቸው።

ቤቱ ጸጥ አለ። ሊቀመንበራችን አገጫቸውን በመዳፋቸው ይዘው ብዙ አሰቡ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ ስልኩ እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«የዚህ የልጁ ሶፍትዌር…» አሉኝ፣ «ክራክ አልወጣለትም?»