የሰው መጽሐፍ ከማባዛታችሁ በፊት ጠይቁ

በአዲስ አበባ፣ በቱሉ ዲምቱና በቂሊንጦ ዙሪያ የምታስተምሩ ወገኖቼ፣ ይህን የምለው ለእናንተ ነው። ሴሚስተር በተከፈተ ቁጥር የሰው መጽሐፍ ሙሉው ስካን ተደርጎ በክፍሉ ቴሌግራም ይለቀቃል። ከዚያ ኮፒ ቤት ገብቶ ይጠረዛል። ባሰ ሲልም የደራሲው ስም ያለበት ገጽ ይወጣና የመምህሩ ስም ይገባበታል። ይሄ ነውር ነው። ኧረ ተዉ!

«ለትምህርት እኮ ነው» ትላላችሁ። ሕጉም አስቦበታል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለማስተማር ሲባል ከታተመ ሥራ ማባዛትን ይፈቅዳል። ግን ልክ አበጅቶለታል፤ ዓላማው ከሚጠይቀው እንዳያልፍ፣ ምንጩና የደራሲው ስም እንዲጠቀስ። ለአንድ ውይይት ጥቂት ገጽ ማባዛትና መጽሐፉን እንዳለ ለክፍሉ ሁሉ ማደል አንድ አይደለም። የደራሲውን መብት ሆን ብሎ የጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት እንደሚጠብቀው ይኸው አዋጅ ይናገራል።

እኔን ግን ከእስሩ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የአገራችንን ምሳሌ እየጠቀሰ የማስተማሪያ መጽሐፍ የሚጽፈው ያው ባልደረባችን ነው። ከክፍል ሲወጣ፣ ልጆቹ ሲተኙ ነው የሚጽፈው። ብዙ ጊዜ ማሳተሚያውንም ከኪሱ ነው የሚያወጣው። መጽሐፉ ሳይሸጥ ኮፒው ካጥለቀለቀው ሁለተኛ ለምን ይጽፋል? ከዚያ እኛው «የአገር ልጅ የጻፈው ጠፋ» ብለን እናማርራለን።

መጠየቅ ምን ይከብዳል? መጀመሪያ መብቱ የማን እንደሆነ አጣሩ፤ ደራሲው ለአሳታሚ አስተላልፎት ሊሆን ይችላል። ሞቷል ብላችሁም አትለፉት። የገንዘብ መብቱ ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል፤ ወራሾቹን ፈልጉ። ደብዳቤው ላይ የትኛውን ምዕራፍ፣ ለየትኛው ኮርስ፣ ለስንት ተማሪ፣ ለስንት ጊዜ፣ በወረቀት ይሁን በቴሌግራም በግልጽ ጻፉ። «ለትምህርት ፈልጌው ነው» ብቻ አይበቃም። መልስ ካልመጣ ዝምታውን እሺታ አታድርጉት። ደራሲዎቹ ራሳቸው በክሪኤቲቭ ኮመንስ (ደራሲው ሌሎች እንዲጠቀሙበት አስቀድሞ በሚሰጠው) ፈቃድ በነፃ የለቀቋቸው መማሪያ መጻሕፍት ብዙ ናቸው፤ እነሱን ተጠቀሙ።

የተማሪው ኪስ እንደሳሳ አውቃለሁ። መጽሐፍ ውድ ነው። እንግዲያውስ ቤተመጻሕፍቱ በቂ ቅጂ እንዲገዛ ወትውቱ፤ የበጀት ስብሰባ ላይ ዝም አትበሉ። የዲፓርትመንት ኃላፊዎች፣ እናንተም ሞጁል (የኮርስ ማስተማሪያ ጽሑፍ) ስታጸድቁ የፈቃዱን ደብዳቤ አብራችሁ ጠይቁ። ፈቃድ ሲያስፈልገው ደብዳቤ የሌለውን መልሱት።